ማደስ የማያስፈልገው ገጽ

ያንን ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ማንንም አላማም። ኋላ አባዬ የተኛበት ሆስፒታል ለታካሚ ቤተሰቦች ድረ ገጽ ሥራልን ሲለኝ በደስታ ነበር የተቀበልኩት። ሰው ዜና ፍለጋ በየደቂቃው ገጹን ማደስ የለበትም፤ ነርሷ የታካሚውን ሁኔታ ስትመዘግብ ሰርቨሩ ራሱ ወደ ቤተሰቡ ስልክ ይልከዋል። ኔትወርኩ ቢቋረጥ እንኳ ገጹ በራሱ መልሶ ይገናኝና ያመለጠውን ይጠይቃል። የጃቫስክሪፕት ኮዱ ጥቂት መስመር ናት፤ እኔ ግን ሰማይ የነካሁ መስሎኝ ነበር።

ሥራዬን ባሳየሁ ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ ሲስተር ነርሷ ከምትመርጣቸው የሁኔታ ቃላት መጨረሻ ላይ «አርፈዋል» የሚለውን አዩ።

«ይሄንንም ይልካል እንዴ ልጄ?»

«የተመዘገበውን ሁሉ፣ ወዲያው!» አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ።

ቃሉን ደግመው አነበቡት። እኔ ጅሉ አድናቆት መሰለኝ። መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ከጎን ቆሞ እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ያደግኩት እዚሁ ቀጨኔ ነው። ኮዱን ስጽፍ ግን ትዝ አላለኝም፣ በቃ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። ሳንባውን ታሞ ሲተኛ፣ እማዬ ጉልበቷ ዳገቱን ስለማይችል ቤት ቀረች። ገጹን ስልኳ ላይ ከፈትኩላት። መጽሐፍ ቅዱሷ ላይ አስቀምጣ «በሕክምና ላይ» የሚለውን ስታይ ትውላለች።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ አጎቴ ከሆስፒታል ደወለ። ደጅ ወጥቼ አነሳሁት።

«አባትህ አለፈ» አለኝ። «እናትህ እንዳትሰማ፣ ግፊት አለባት። ነገ ሲነጋ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር መጥተን እናረዳታለን። አንተ ጠንከር በል፤ ፊትህ እንዳያስታውቅ።»

ከእንባዬ በፊት የመጣብኝ ገጹ ነው። ወይኔ! ነርሷ ከመዘገበች አለቀ። ለአጎቴ መልሼ ብደውል ስልኩ ተይዟል፤ ሆስፒታሉ ጋ ደጋግሜ ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም። ገጹን እንዳልዘጋው ላፕቶፔ ቢሮ ነው። ስልኩን ከእጇ ብወስድባት ትጠረጥራለች። ገብቼ የዋይፋዩን ገመድ ነቀልኩት።

«ኔትወርክ ጠፋ መሰለኝ» አልኳት።

«ይመጣላ» አለች።

ትንሽ ቆይታ ስልኩን ደፍታ አስቀመጠችው። «ምሳህን ላቅርብልህ» ብላ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። እንዳታውቅብኝ ብዬ በላሁ። «ይጥማል» አልኳት፤ ጭራሽ እንድትጨምርልኝ ጠየቅኳት። ወጡን እያስጠጋችልኝ «ብላ የኔ ልጅ» ትለኛለች። አልሰማችም ብዬ በልቤ ጌታን አመሰገንኩ።

በማግስቱ ንጋት ላይ በሩ ሲንኳኳ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። አጎቴና ሽማግሌዎቹ ገቡ። አንደኛው «እህታችን፣ እንግዲህ የጌታ ፈቃድ...» ብለው ሲጀምሩ እማዬ አቋረጠቻቸው።

«ቀስ በሉ» አለች በሹክሹክታ። «እኔ ትናንት ሰምቻለሁ፤ ስልኩ ነግሮኛል።»

ስልኩ ዋይፋዩን ሲያጣ ወደ ሲም ካርዱ ኢንተርኔት ዞሯል፤ ገጹም ያመለጠውን ጠይቆ ተቀብሏል። እንዲያ እንዲያደርግ የሠራሁት እኔው ነኝ። የኮምፒውተር ሰው ተብዬ፣ ገመድ ነቅዬ መርዶ ላስቀር!

«ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አልሽ?» አላት አጎቴ።

«ልጄ ገና አልሰማም» አለች እማዬ። «እናንተ እስክትመጡለት ነው የጠበቅኩት። በሉ አሁን ግቡና አርዱት፤ አንዳችሁ ክንዱን ያዙልኝ።»