ያጠብኩት ሳክስፎን

ባለፈው እሁድ ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ ጃዝ ክለብ ወሰደችኝ። «አባዬ፣ አንተም ድሮ ትጫወት ነበር አይደል?» ብላ ነው። በእረፍት ሰዓት ወጣቱ ሳክስፎን ተጫዋች አጠገባችን ተቀምጦ መሣሪያውን በጨርቅ ማድረቅ ጀመረ። ከቁልፎቹ ሥር ያሉትን ክብ ክብ ቆዳዎች አንድ በአንድ ሲጠርግ አይቼ፣ «ውኃ ቢገባባቸው ምን ይሆናሉ?» አልኩት፣ መልሱን እያወቅኩ።

«ያብጣሉ። ካበጡ አይዘጉም፤ ካልዘጉ ድምፅ የለም።»

ቢራዬን መጨረስ አቃተኝ።

እኔም ጃዝ ክለብ ነበረኝ፤ ያውም ቡሬ። መሳቅ ይቻላል። የደርግ ሠራዊት ከተበተነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ዕድሜያቸውን በጦሩ የሙዚቃ ባንድ የፈጁ ሃምሳ አለቃ ምናለ የሚባሉ ሰው አንድ ሳክስፎን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እኔ ድቁናዬን ትቼ ኪቦርድ የምነካካ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። የአንድ ሆቴል የጓሮ አዳራሽ ለምነን እሁድ እሁድ ከሰዓት መጫወት ጀመርን። እህል ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ ወደ ነቀምቴ የሚያልፈው ሾፌር ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀመረው?» ይሉን ነበር፤ ዘፋኝ አልነበረንማ። ኋላ ለመዱት። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሃምሳ አለቃ ዝናቡን እየተከተሉ ይነፉ ነበር፤ የተጠበሰ በቆሎ ይዞ የገባ ሰው በቆሎው እጁ ላይ ይቀዘቅዛል።

በየመሀሉ ስለ ድሮዎቹ የአዲስ አበባ ክለቦች ያጫውቱኛል፤ ስለ ሙሉ ልብሳቸው፣ ከመድረክ ሲወርዱ ስለሚጠብቃቸው ጥብስ። ምኞታቸው አንድ ነበር፦ እዚያ ተመልሶ መጫወት።

ሁዳዴ ሲገባ ክለባችን ተዘጋ። በቅበላ ዕለት ሳክስፎኑን ከነሣጥኑ አምጥተው ሰጡኝ። «ዲያቆን» አሉኝ፤ ሊያበሽቁኝ ሲፈልጉ እንደዚያ ነበር የሚሉኝ፤ «እኔ ቤት ካለች እጄ አያርፍም፤ ጾሜን ታስፈታኛለች። አንተ ዘንድ ትሰንብት።»

በጾሙ አጋማሽ ደብዳቤ መጣላቸው። አዲስ አበባ ክለብ የከፈተ የድሮ የባንድ ጓደኛቸው ለዳግማይ ትንሣኤ ሊሰማቸው ይመጣል፤ እንደ ድሯቸው ከሆኑ ይዟቸው ይሄዳል።

እኔ ደግሞ ላስደስታቸው ፈለግሁ። ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ ለፋሲካ መስቀሉንና ጸናጽሉን በአመድና በሎሚ አሽተን፣ በውኃ አለቅልቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣ ነበር። ነሐስ ያው ነሐስ ነው ብዬ በቅዳም ሹር ሳክስፎኑን ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። ወርቅ መሰለ። ቆዳዎቹ ግን እንደተነከረ ሽምብራ አብጠው አየኋቸው፤ አንደኛው ወልቆ ሳፋው ውስጥ ወደቀ። በማስቲሽ መለስኩት። ሲደርቁ ይመለሳሉ አልኩ። አልተመለሱም፤ ደርቀው ተጣመሙ። አይቻለሁ፤ አላየሁም ማለት አልችልም።

ሃምሳ አለቃ ፋሲካን እህታቸው ዘንድ ፈረስ ቤት ከተማ ሰንብተው፣ በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ከመኪና ወርደው በቀጥታ ወደ አዳራሹ መጡ። እንግዳው ተቀምጧል። ሣጥኑን ሲከፍቱ ፊታቸው በራ፦ «ሙሽራ አረግሃት እኮ!»

ከዚያ ነፉ። ፉጨት ወጣ። ጣታቸውን አንቀሳቀሱ፣ እንደገና ነፉ፤ የታችኛው ድምፅ ጨርሶ እምቢ አለ። ዝቅ ብለው ቁልፎቹን አዩ፤ ማስቲሽ የቀባሁበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ኪቦርዱ ላይ አቀረቀርኩ።

«ትንፋሼ ነው» አሉ ለጓደኛቸው። «ሂዷል። እርጅና ነው፤ አትቀየመኝ።»

«ኧረ እርስዎ! እኔስ ብሆን መች እንደ ድሮዬ ሁኘ» አላቸው ጓደኛቸው፤ ዓይናቸውን ግን አላየም። በማግስቱ ጠዋት ብቻውን ተሳፈረ።

እሳቸው ሣጥኑን ሲዘጉ «ደህና ጠርገሃታል» አሉኝ። ምስጋና መሰለኝ፤ እንዳልተነቃብኝ ቆጥሬ ውስጤ ተንፈስ አለ፤ ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ። ክለባችን ዳግም አልተከፈተም። ሃምሳ አለቃ የእህል መጋዘን ጥበቃ ሆነው ኖሩ፤ ባለፍኩ ቁጥር «ዲያቆን!» ብለው ይጠሩኝ ነበር፤ እኔም እንደቸኮለ ሰው እጄን አውለብልቤ አልፋለሁ። ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር።

ባለፈው እሁድ ያንን ወጣት ሌላም ነገር ጠየቅኩት። «ተጫዋቹ ቆዳው መበላሸቱን በምን ያውቃል?»

ሳቀ። «አባባ፣ ጣቱ ገና ሲያርፍበት ያውቃል እንጂ!»

ይኸው ስንት ዓመት ደበቅኳቸው እያልኩ ነበር የኖርኩት። ለካ የደበቁኝ እሳቸው ናቸው። «መሣሪያዬን ያበላሸው ይህ ልጅ ነው» ማለት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እኔን ማዋረድ ሆኖባቸው ትንፋሻቸውን ሰጡበት። እንግዳው ግን እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ ቡሬ ነበር። የትኛው ክፍል አልጋ እንደያዘ አውቅ ነበር፤ እውነቱን ልነግረው በሩ ድረስም ሄጃለሁ። አላንኳኳሁም።