ከአባቴ ክፍል በላይ የቆመው ቤት

ወንድሜ መንገድ ሥራ ላይ ነው። ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ የሚያድሩበትን፣ በከባድ መኪና የሚጎተት አሮጌ ባለጎማ ቤት ገዝቶ ቃሊቲ ግቢያችን ውስጥ አቆመው። ግቢያችን ቁልቁለት ነው፤ ከታች ያለችው ክፍል የአባቴ ናት። ክረምት ስለነበር አባቴ ቀኑን ሙሉ ከአልጋው አይወርድም።

«ፍሬኑን የያዘው አየር ነው» አለኝ ወንድሜ፣ ጎማዎቹ ሥር ትልልቅ ድንጋይ እየወተፈ። «አየሩ ካለቀ ይለቃል። እነዚህን እንዳትነኪ፤ ነገ መጥቼ በደንብ አስደግፈዋለሁ።» ሥራ ረፍዶበት ሄደ።

ነካኋቸው። የእኛ ሰፈር መረሬ አፈር ዝናብ ሲጠግብ ጫማ ይውጣል። እኔ ከውጭ በር እስከ ሳሎን የምረግጠው አጥቼ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ስጠርግ፣ ያ ሁሉ ድንጋይ ባዶ ቤት ሥር መጎለቱ አናደደኝ። አንድ በአንድ አንከባልዬ መረማመጃ አደረግኳቸው። ቤቱ ንቅንቅ አላለም፤ እኔም በወንድሜ ፍርሃት ሳቅሁ።

ያስጠላኝ ድምፁ ነበር። ከሆዱ ሥር በስሱ «ስስስ» ይላል፤ አንድ ሰው ጥርሱን ገጥሞ የሚተነፍስ ይመስላል። ልብስ ሳሰጣ ጀርባዬን ወረረኝ። ማንም እንደሌለ እያወቅሁ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ማየት ፈራሁ። ሌሊቱንም ሲተነፍስ አደረ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ድምፁ ቆመ። ጮክ ብዬ «ተመስገን!» ማለቴን አስታውሳለሁ።

ወዲያው የአባቴ በር ተበረገደ። ያለ ከዘራ መቆም የማይችለው ሰው በባዶ እግሩ ጭቃውን እያንቦጫረቀ ሳሎን በር ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ መጣ።

«ኦክስጅኑ አለቀ! ቶሎ ቀይሩላት!»

እናቴ እዚያች ክፍል ውስጥ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል። በመጨረሻዋ ሳምንታት አልጋዋ አጠገብ የቆመው ኦክስጅንም እንዲሁ «ስስስ» ነበር የሚለው። አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ምን ሲያዳምጥ እንዳደረ ያኔ ገባኝ።

እጁን ይዤ ሳረጋጋው ቤቱ ተንቀሳቀሰ። ሰው የሚገፋው ይመስል ቀስ ብሎ፣ ያለ አንዳች ድምፅ። የልብስ ገመዱን በጠሰ፤ ከዚያ ፈጠነ። የአባቴን ግድግዳ ጥሶ ገብቶ አልጋው ላይ ቆመ።

አባቴ ዞሮ እንኳ አላየም። እጄን ጨምቆ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ልጄ፣ ደረሳችሁላት?»