ሽምብራዋ በርዷት ነው

ቡራዩ ቤት የሠራነው ለልጆቹ ንጹህ አየር ብለን ነው። ይህን የሚለው ባለቤቴ ነው። እሱ ራሱ ንጹሁን አየር የሚያገኘው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር፤ ሌላውን ቀን ጎህ ሳይቀድ ሚኒባስ ተጋፍቶ አዲስ አበባ ይገባል፣ ልጆቹ ሊተኙ ሲሉ ይመለሳል፣ ጫማውን እያወለቀ «እዚህ እኮ ጸጥታው ራሱ መድኃኒት ነው» ይለኛል። እኔ ጸጥታውን አላውቀውም። የሰባት ዓመት ሴት ልጅ፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጅና ጥርስ የምታበቅል የስምንት ወር ሕፃን ይዤ የምውለው እኔ ነኝ። በእኛ ቤት ጸጥታ ካለ ወይ አንዱ ግድግዳ ላይ እየጻፈ ነው፣ ወይ አንዱ የማይዋጥ ነገር እየዋጠ ነው።

ሥራዬን የለቀቅሁት «ለጥቂት ጊዜ» ነበር። ጥቂቱ ጊዜ ሰባተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ሲጋመስ የማስተር ፕላኑ ነገር ከወሬነት አለፈ። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ልታቅፍ ነው ተባለ። መታቀፍ ደስ ይላል፤ ታቃፊውን ግን «ትታቀፋለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። መጀመሪያ ተማሪዎች ወጡ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከእኛ በታች ባለው መንደር የሐዘን ድንኳን ተተከለ። በእሱ ላይ የምቀልደው ነገር የለኝም። መቀለድ የምችለው በራሴ ቤት ላይ ነው።

ትምህርት ቤት በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ልጆቼ ከሳሎን ወደ ማድ ቤት የሚወስደውን መተላለፊያ ዘጉት። ትራስ፣ ስሊፐር፣ የሕፃኗ መታጠቢያ ሳፋና ባለቤቴ አይነካ የሚለው ትልቁ መዝገበ ቃላት ተከመሩ። ወንዱ ልጄ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ከኋላ ቆሟል።

«ማለፍ አይቻልም» አለኝ።

«ወጥ ጥጄ መጥቻለሁ፣ እያረረ ነው።»

«ይረር።»

እኅቱ የበለጠ ሰብዓዊ ነበረች። «እማዬ፣ ብስኩት ከሰጠሽን እናሳልፍሻለን» አለች። ሰጥቼ አለፍኩ። የወደፊቷ የኬላ ሹም ይኸው በእጄ አደገች ብዬ ኮራሁ።

ማስተር ፕላኑን ቤታችን ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ። ወንዱ ልጄ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ «ማስተር ፕላን፣ ማስተር ፕላን» ሲል ሰምቶ አንድ ቀን «ማስተር ፕላን ይነክሳል?» ብሎ ጠየቀኝ። አስተዋይ እናት ብሆን ኖሮ ቁጭ ብዬ ስለ ካርታና ስለ መሬት በልጅ ቋንቋ አስረዳው ነበር። እኔ ግን የገንፎ ማንኪያ ይዤ ስከተለው ግማሽ ሰዓት ሆኖኝ ነበር። «አዎ፤ ገንፎውን የማይበላ ልጅ ይነክሳል» አልኩት። ሳህኑን ላሰው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ማስተር ፕላን ጥርስና ጭራ ያለው፣ ከአልጋ ሥር የሚያድር አውሬ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ከጅብ የበለጠ ሠራልኝ።

ባለቤቴ በእነዚያ ቀናት አልነበረም። መንገዱ የተዘጋው እሱ ቢሮ ውስጥ እያለ ስለነበር አዲስ አበባ እኅቱ ቤት ቀረ። እየደወለ «ዋናው ነገር መረጋጋት ነው» ይለኝ ነበር። ከጀርባው የእኅቱ ቴሌቪዥንና የሹካ ድምፅ ይሰማኛል። በጣም የተረጋጋ ሰው ነው።

የቀን ተቀን ሰዋችን ጎረቤታችን የነበሩት ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ከአጥራችን ጀርባ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው በኩል ማሳ አላቸው፤ ማለዳ ማለዳ ለሕፃኗ ወተት በር ድረስ ያመጡልናል። መንገድ ተዘጋ ብለው አንድም ቀን አልቀሩም። ወንዱን ልጄን «ሙጫ ኮ» ይሉታል፤ በኦሮምኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው። እሱ ግን እንደ አማርኛው ሙጫ መስሎት፣ ሰው ላይ መጣበቁን አይተው ያወጡለት የክብር ስም ነው ብሎ ይኩራራል። እኔም አላረምኩትም። ብዙም የማረም መብት አልነበረኝም፤ እዚያ ሰፈር ዓመታት ኖሬ ኦሮምኛዬ «አከም ጅርቱ» በሚል ሰላምታ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። መልስ ከመጣልኝ ፈገግ እላለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ሽማግሌው ከወተቱ ጋር አንድ እቅፍ የሽምብራ እሸት ይዘው መጡ። ልጆቹ በረንዳ ላይ ተቀምጠው መፈልፈል ጀመሩ። እኔ ሕፃኗን ሳጥብ ጸጥ አለ። ጸጥታውን ስሰማ ሕፃኗን በፎጣ ጠቅልዬ ተነሣሁ።

ወጥቼ ሳይ ወንዱ ልጅ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። አንደኛው የአፍንጫው ቀዳዳ ቀልቷል።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«አፍንጫህ ውስጥ ምን አለ?»

«ሽምብራዋ በርዷት ነው» አለኝ በጣም ረጋ ብሎ። «ቤት አስገባኋት።»

እንዲናፈጥ ነገርኩት፤ ወደ ውስጥ ሳበው። ደግሜ ነገርኩት፤ ደግሞ ሳበው። ወረንጦ አምጥቼ ልይዛት ብሞክር ሽምብራዋ እንደተከራየች ሁሉ ወደ ውስጥ ገባች። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ።

«ተረጋጊ» አለኝ። «ሐኪም ቤት ውሰጂው።»

«በምን?»

ትንሽ አሰበ። «ባጃጅ ያዢ።»

እኔ ባጃጅ ካየሁ ስምንት ቀኔ ነበር። ስልኩን ዘጋሁት። በኋላ ኔትወርክ ነው አልኩት።

ሕፃኗን አዝዬ፣ ልጁን በአንድ እጄ፣ እኅቱን በሌላው ይዤ ከግቢ ስወጣ ሽማግሌው አጥራቸውን ሲጠግኑ አዩን። ነገርኳቸው። እሸቱን ያመጡት እሳቸው ስለሆኑ ደነገጡ፤ አጥሩን ትተው ልጁን እሽኮኮ አደረጉት።

«ብቻሽን አትሄጂም» አሉኝ። «ዛሬ መንገዱ ጥሩ አይደለም።»

ክሊኒኩ ያለው ከተማው መሃል ነው፤ ከእኛ ሰፈር በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ከአራት ዓመት ልጅ ጥያቄ ጋር ሲሆን ደግሞ ይረዝማል። አስፋልቱ ላይ መኪና የለም። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ተጋድሟል፣ ድንጋይ ተበትኗል፣ ጎማ የተቃጠለበት ቦታ ጠቁሯል። ከሩቅ ተኩስ ይሁን ርችት ያልለየሁት ድምፅ ሁለት ጊዜ ተሰማ። ሽማግሌው አረማመዳቸውን አልቀየሩም። እኔም ስላፈርኩ አልቀየርኩም።

ልጁ ከትከሻቸው ላይ ሆኖ ማሳቸውን ቁልቁል እያየ ጠየቃቸው።

«አባባ፣ ማስተር ፕላን ላምህን ይበላል?»

ያን ጊዜ መሬቱ ቢከፈትልኝ እገባ ነበር። በሐፍረት «አንቱ በል!» አልኩት፤ የዓለም ችግር ሁሉ የአክብሮት አጠራር የሆነ ይመስል።

ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቁ። ትንሽ ከሄዱ በኋላ «ላሟን አይበላም ሙጫ ኮ» አሉት። «የምትግጥበትን ነው የሚበላው።»

«ከዚያ ላሟ ምን ትበላለች?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አሉ።

 እኔ ከኋላ እየተከተልኩ ስለ ቤታችን አሰብኩ። መሠረቱ ሲቆፈር ሽማግሌው መጥተው፣ ዛሬ መኝታ ቤታችን ያለበትን ጥግ በዱላቸው እያሳዩ «እዚህ ጋ ውሃ ይተኛል፤ ጤፍ እንኳ አይወደውም» ብለውን ነበር። ባለቤቴ ከመሐንዲስ በላይ አያውቁም ብሎ ሳቀ። ክረምት በመጣ ቁጥር ያ ግድግዳ ይሻግታል። ጤፉ የማን እንደነበረ፣ መሬቱስ ከእጃቸው እንዴት እንደወጣ ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። ካርታ አለን፤ ቀይ ማኅተም አለበት። ማኅተም ያለበት ነገር አይጠየቅም ብዬ ይሆናል። አውሬውን ከአልጋ ሥር አድርጌ ለልጄ ሳወራለት፣ አልጋው ራሱ የቆመው የሰው ማሳ ላይ መሆኑን እያወቅሁ ነው።

ወደ ከተማው መሃል የሚያስገባው ድልድይ ጋ ስንደርስ ወደ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች መንገዱን በግንድ ዘግተው ቆመዋል። ዱላ የያዙ አሉ፣ ባዶ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያጣመሩ አሉ። አንዱ ፊቱን በሻርፕ የሸፈነ ረጅም ልጅ ወደ እኛ መጣ።

«ኢሳ ዴምቱ?» አለ። ወዴት ትሄዳላችሁ ማለቱ ነው። ይህችን እንኳ ገብታኛለች፤ መልሷ ነው የጠፋኝ። ሽማግሌው ልጁን ከትከሻቸው ሊያወርዱ ጎንበስ ሲሉ፣ የሰባት ዓመቷ ልጄ እጄን ለቃ ወደ ፊት ወጣች። ኦሮምኛን በትምህርት ቤትና በጨዋታ ተምራዋለች፤ አፏ ላይ ውሃ ነው።

«ኦቦሌሲ ኮ ሹምቡራ ፉንያን ኬሳ ቀባ!» አለች ጮክ ብላ። የወንድሜ አፍንጫ ውስጥ ሽምብራ አለ ማለቷ ነው።

 ባለ ሻርፑ አጎንብሶ የልጁን አፍንጫ አየ። ሻርፑን ወደ አገጩ አወረደው፤ ለካ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «ሹምቡራ!» አላቸው። ሳቅ ሆነ። ልጄ በዚህ አላቆመችም፤ እጇን እያወዛወዘች ረጅም ንግግር ቀጠለች።

«ምንድን ነው የምትለው?» ብዬ ሽማግሌውን በሹክሹክታ ጠየቅኋቸው።

«እናቴ በወረንጦ የባሰ አስገባችው እያለች ነው» አሉኝ።

የቤተሰብ ምስጢር የሚባል ነገር በእኛ ቤት የለም። ያም ሆኖ ሁለት ልጆች ከግንዱ ላይ ሕፃኗን ተቀብለው አሻገሩልኝ። ባለ ሻርፑ ለሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠና ለእኔ በአማርኛ «እትዬ፣ ስትመለሱ በላይኛው በኩል ኑ፤ ከሰዓት እዚህ ጥሩ አይሆንም» አለኝ። ከድምፁ ሳቁ ጠፍቶ ነበር። እሱ ከሰዓት እዚያው እንደሚቆም ገባኝ። እናቱ የት እንዳለ ታውቅ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ አልጠየቅሁትም።

ክሊኒኩ የብረት በሩን ዘግቶ በስንጥቅ ነው የሚያስተናግደው። ብቻዋን የቀረች ነርስ ልጁን አየችው።

«መሣሪያ አያስፈልግም» አለችኝ። «ክፍቱን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣትሽ ድፈኚ፣ አፍሽን አፉ ላይ ግጠሚና አንዴ በኃይል ንፊ።»

«እኔ?»

«እናቱ አይደለሽ?»

ደፈንኩ፣ ገጠምኩ፣ ነፋሁ። ሽምብራዋ ወጥታ ጉንጬን መታችኝ። አንድ ሰዓት በእግር ተጉዤ፣ ግንድ ተሻግሬ የመጣሁት የራሴን ትንፋሽ ፍለጋ ነው። ልጁ ማልቀስ ጀመረ፤ አሞት አይደለም፤ ሽምብራዋን መሬት ላይ ወድቃ ስላያት ነው። ነርሷ ምንም አላስከፈለችንም። «ቶሎ ቤታችሁ ግቡ» ብላ በሩን ከኋላችን ዘጋች።

በላይኛው መንገድ ተመለስን። ቤት ከገባን በኋላ ከድልድዩ በኩል እውነተኛው ተኩስ ተሰማ፤ በዚህኛው ጊዜ ርችት ነው ብዬ ራሴን ማታለል አልቻልኩም። ልጆቹን መኝታ ቤት አስገብቼ መሬት ላይ አስተኛኋቸው፤ ጨዋታ ነው አልኳቸው። ወንዱ ወዲያው አመነ። ሴቷ አላመነችም፤ ግን ለወንድሟ ብላ ያመነች መሰለች። ባለ ሻርፑን ልጅ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ብዙ ቀን በመንገዱ ባለፍኩ ቁጥር ፊት ለፊት የሚመጣውን ረጅም ወጣት ሁሉ አገጩን አይ ነበር።

ባለቤቴ በማግስቱ ከአስኮ በእግሩ ገባ። ላፕቶፑን ይዟል፣ ቻርጀሩን ይዟል፣ ዳቦ ረስቷል። የሆነውን ስነግረው «አየሽ፣ ስትረጋጊ ሁሉም ይስተካከላል» አለኝ። ያን ቀን ትዳራችንን ያተረፈው የሕፃኗ እንቅልፍ ነው፤ እንዳትነቃ ብዬ አልጮኽኩም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዕቅዱ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ ሚኒባሱ መጋፋት ጀመረ፣ ባለቤቴም ወደ ጸጥታ ስብከቱ ተመለሰ። ማስታወቂያው በተነገረ ማግስት ሽማግሌው እንደ ወትሮው ወተቱን ይዘው በር ላይ ቆሙ። ሁልጊዜ በር ላይ ተቀብዬ በር ላይ ነው የምሸኛቸው። ያን ቀን «አባቴ፣ ይግቡ» አልኳቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ተዉ ብላቸው እምቢ አሉ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ሻይ አቀረብኩላቸው፣ ክፍሉን ዙሪያውን አዩት።

«የምሥራቹን ሰሙ?» አልኳቸው።

«ሰማሁ» አሉ። «ወረቀቱ ቀረ አሉ። የሄደው መሬት ግን አልተመለሰም።»

ሁለት ዓይነት መልስ አዘጋጀሁ፤ ሁለቱም ማኅተም ማኅተም አሉኝ። ዋጥኳቸው። ይልቅ «እዚህ ጋ ምን ነበር የሚዘሩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በቤቱ መሃል በእጃቸው እያሳዩ ነገሩኝ፦ ሶፋው ያለበት ጤፍ፣ ቴሌቪዥኑ ጋ ባቄላ፣ በር ላይ ደግሞ አባታቸው የተከሏት አንዲት ኮሶ። ወንዱ ልጄ እጃቸው የጠቆመበትን እየተከተለ እያንዳንዱን ቦታ በእግሩ ይረግጣል። ሻያቸውን ጨርሰው ተነሡ፤ ላሟ እየጠበቀቻቸው ነበር።