የሞቀው ትሪ

የትምህርት ቤቱን ምሳ የምታበስለውን ሴት ልጆቹ «እትዬ ዝናብ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ዶፍ የሚጥልበት ቀን ነበር። አንደኛ ክፍሎች ምሳ እስኪደርስ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተጠልለው፣ ዝናብ ከየት ነው የሚመጣው እያሉ ነዘነዟት። ከማውራት ማሳየት ይቀላል ብላ ከፍሪጅ ትሪ አወጣችና ከሚፈላው ድስት በላይ ያዘችው። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ትሪ ሲነካ ውሃ ሆኖ ጠብ ጠብ አለ። ልጆቹ በደስታ ቤቱን አናጉት።

መምህርታቸው በር ላይ ቆማ አየች። ወር ሳይሞላ ያንኑ ትምህርት የራሷ ፈጠራ አድርጋ ጽፋ ተሸለመችበት፤ በሱው ሰበብ ዳይሬክተር ሆነች። እትዬ ዝናብ ቢሮዋ ድረስ ሄዳ፣ የኔ እኮ ነው፣ ስሜን እንኳ ባነሱት ብትላት፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «አንቺ ድስትሽን እጠቢ» አለቻት። እናቷ የምትሆነውን ሴትዮ! ወትሮም የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከትምህርት ቢሮ እንግዳ ሲመጣ፣ ዳይሬክተሯ ወጥ ቤት ወርዳ ዝናብ ታዘንባለች። ትሪውን የምታቀብላት እትዬ ዝናብ ናት፤ ከዋዜማው ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራ፣ ደረቅ አድርጋ ወልውላ። ዳይሬክተሯ እንፋሎት እንዳያቃጥላት ወፍራም የምድጃ ጓንት አጥልቃ ስለምትይዘው ቅዝቃዜው አንድም ቀን ተሰምቷት አያውቅም። ለእንግዶቹም፣ ምስጢሩ ትሪው በደንብ መወልወሉ ነው ትላቸዋለች። እትዬ ዝናብ ይህን በሰማች ቁጥር ቆሽቷ ያርራል፤ ግን አላረመቻትም። ለምን ብላ!

ዘንድሮ ጡረታ ልትወጣ ነው። እንግዶቹ የሚመጡት ደግሞ በመጨረሻ ሳምንቷ ነው። እንግዲህ እውነቱ በሰው ፊት ካልወጣ አብሯት መቀበሩ ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ የተቀመጠችው ይበቃታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንደኛ ክፍሎችን ሁለት ሁለት እያደረገች ጠራቻቸው። ቀዝቃዛውን ትሪ በጣታቸው አስነካቻቸው፤ የመስኮቱን መስታወት በትንፋሻቸው አስላበቻቸው። ለምን እንደሚዘንብ ሁሉም እስኪነግሯት ድረስ አልለቀቀቻቸውም።

ቀኑ ደረሰ። ሦስት እንግዶች፣ ሠላሳ ልጆች፣ አንድ የሚንተከተክ ድስት። እትዬ ዝናብ ትሪውን ከምድጃ ውስጥ አወጣችና ወልውላ አቀበለቻት። ዳይሬክተሯ በጓንቷ ተቀብላ ከድስቱ በላይ ያዘችው። ጠበቁ። ጠብ የሚል ነገር የለም። ፈገግ አለች፣ ገለበጠችው፣ በጓንቷ ወለወለችው፣ መልሳ ያዘችው። ምንም! ላብ በላብ ሆነች እንጂ ዝናብስ የለም።

የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ እጇን ወደ ትሪው አስጠጋችና፣ ይሄ እኮ ሙቅ ነው፣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ካልነካ ውሃ አይሆንም አለች። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀና ማን እንዳስተማራት ጠየቃት። ሠላሳውም በአንድ አፍ «እትዬ ዝናብ!» አሉ።

ሰውየው ወደ ዳይሬክተሯ ዞሮ፣ ታዲያ ይህ ትምህርት የማን ነው አላት። እሷ ደግሞ እትዬ ዝናብን አየቻት። ዓይኗ ይለምናል። አንድ ቃል ብቻ፣ ልጆቹን እንዳስተምር እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ ብትልላት ታመልጥ ነበር።

«እኔ ድስት አጣቢ ነኝ፤ እሳቸውን ይጠይቋቸው» አለች እትዬ ዝናብ።

ዳይሬክተሯ አንገቷን ደፍታ፣ የእሷ ነው ብላ አጉተመተመች።

«ከኋላ ያሉት ልጆች አልሰሙም። ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ» አለቻት እትዬ ዝናብ።

«የእሳቸው ትምህርት ነው። እኔ ወስጄባቸው ነው።»

እትዬ ዝናብ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ግን አልጨረሰችም። ፍሪጁን ከፍታ በረዶ የመሰለ ሌላ ትሪ አወጣች። ዳይሬክተሯ ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ መለስ አደረገችባት።

«ጓንትዎን ያውልቁ።»

አወለቀች። ትሪው እጇ ላይ ሲያርፍ ድንግጥ አለች። ልጆቹ እየጮሁ ሲቆጥሩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጠብታ ወረደ። እትዬ ዝናብ ጣቶቿ እስኪቀሉ ድረስ አስያዘቻት፤ ከዚያ የልጆቹን ምሳ ልትቀዳ ጭልፋዋን አነሳች።