በደጀ ሰላሙ የወለቀ ጫማ

እግር ማጠብ እኛ ዘንድ የታናሽ ሥራ ነው። እንግዳ ሲመጣ ታናሹ ውሃ አሙቆ፣ ጎንበስ ብሎ ያጥባል። ታላቅ ለታናሽ ጎንበስ ሲል ግን፣ በጸሎተ ሐሙስ ከካህን እጅ በቀር፣ ቢቸናም ሞጣም አይቼ አላውቅም። ኮርያ ስዘምት ይህንኑ ይዤ ሄድሁ። ተኩስ አስተማሩኝ እንጂ ይህን ያስረሳኝ አልነበረም።

ምሽጋችን ተራራ ላይ የተቆፈረ ነበር። ቀን ቀን ጭቃው ይቀልጣል፣ ጀንበር ስትጠልቅ ድንጋይ ይሆናል። ሰው በጥይት ሲመታ ድሬሰራችን እየዳኸ ይደርስለታል፤ ደሙን በፋሻ ያቆማል፣ በቃሬዛ ያስወርደዋል። ከጥይቱ ይልቅ ግን ስለ እግራችን ይጨነቅ ነበር። «ጥይት ሲመታህ ትጮሃለህ፤ ብርድ ሲበላህ ዝም ትላለህ» ይለናል። ስለዚህ ሁለት ሁለት አድርጎ እንደ እርሻ በሬ አጣመደን። ሲመሽ ጫማ ይወልቃል፤ አንዱ የሌላውን እግር አድርቆ በመዳፉ ያሻል፣ ደረቅ ካልሲ ያጠልቅለታል። የደነዘዘ እግርን ባለቤቱ አያውቀውምና የራስን ማሸት ብቻውን አይበቃም ብሎ ነበር።

የእኔ ጥንድ የሞጣ ሰው ነበሩ። በጠላት ዘመን ከአባቴ ጋር ዱር ያደሩ፣ አባቴ ሲወድቅ ሬሳውን ተሸክመው ለእናቴ ያደረሱ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው። እኒህን ሰው እግሬ ሥር ላስጎንብስ? ድሬሰሩ ምን ነካው?

እናም የእሳቸውን ብቻ አሽ ነበር፤ ከተረከዝ ጀምሬ፣ ጣት በጣት፣ እስኪሞቅ። ስጨርስ «አንተስ?» ይሉኛል። «ቀድሜ አሽቻለሁ፣ ጋሼ» እላለሁ። ነገሩ በዚያ ያበቃል። የራሴን በኋላ አደርሰዋለሁ እያልሁ፣ እጄም እየደነዘዘ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ማደር ለመድሁ።

ግራ እግሬ ሲጠቁር እንኳ አላመመኝም። ድሬሰሩ ጫማውን በቢላ ቀዶ ሲያወጣው ሽታው ቀድሞ ነገረው። ጋሼን ዞሮ አያቸው፤ እሳቸው መሬት መሬቱን አዩ። በቃሬዛ ስወርድ ተኩስ ነበር። ተሸካሚዎቹ ነፍሳቸውን ለእኔ አስይዘው ሲሮጡ፣ ካልሲ ባለመቀየሬ መሆኑን አስቤ ዓይኔን ጨፈንሁ። ድንኳን ሆስፒታሉ ውስጥ አምስቱን የግራ እግር ጣቶቼን ቆረጧቸው። አጠገቤ ሆዱን በፍንጣሪ የተመታ ልጅ ተኝቶ ነበር። «ወንድሜ፣ አንተን የት መቱህ?» ቢለኝ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብሁት።

ቢቸና ስመለስ እናቴ ደገሰች። ልጄ ቆስሎ መጣ ብላ አውርታለች፤ በምን እንደሆነ ግን አልነገርኋትም። እንግዳው ሁሉ «ፎክር እንጂ!» አለኝ። ምን ብዬ ልፎክር? ዘራፍ ብዬ ካልሲዬን ልጥራ? አቀርቅሬ ተቀመጥሁ። ትሑት ነው ተባለልኝ፣ እሱ ደግሞ ባሰብኝ።

ዋናው ጭንቅ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቤት ውስጥ እግሬን በር ዘግቼ እታጠባለሁ፤ ውጭም የጫማዬን ጫፍ በጨርቅ ጠቅጥቄ እንደ ሰው እራመዳለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ጫማ ሳይወልቅ አይገባም። ስለዚህ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለው ወይራ ሥር ቆሜ ማስቀደስ ጀመርሁ። ደጅ የሚቆም ሰው ምክንያት አለው ይባላል፤ ምክንያቱን ካልተናገረ ደግሞ አገሩ ይናገርለታል። ባሕር ማዶ እርኩስ በልቷል አሉ። ማተቡን በጥሷል ያሉም ነበሩ። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና በአጠገቤ ታልፋለች። ቤት ስንገባ «ለእኔ ባትነግረኝ ለንስሐ አባትህ ንገረው» እያለች ታለቅሳለች። ጣት የለኝም ከምላት ኃጢአተኛ ብትለኝ መረጥሁ።

እንዲህ እያለሁ ነው ጋሼ በቅሎ ሊገዙ ከሞጣ ቢቸና ገበያ ወርደው፣ በማግስቱ ሊያስቀድሱ እኛ ቤት ያደሩት። ከቃሬዛው ወዲህ ተያይተን አናውቅም፤ ድኗል መባሉን ብቻ ሰምተዋል። እናቴ ውሃ አሞቀች። ጫማዬን እንዳደረግሁ ተንበርክኬ እግራቸውን አጠብሁ። አሥሩም ጣቶቻቸው እጄ ላይ ሞቁ። ጫማዬን አዩና «አንተስ?» አሉኝ።

«ቀድሜ ታጥቤአለሁ፣ ጋሼ።»

ማዕድ ቀርቦ ያነሡትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመሱም።

ጠዋት ሦስታችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። ወይራው ጋ ስደርስ ቆምሁ። «ምነው አትገባም?» አሉኝ። እናቴ ቀደመችኝ። «ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ነው። ምን ነክቶ እንደመጣ እግዜር ይወቅ፤ እኔማ ሰው ፊት ዓይኔን ማቅናት አቃተኝ» አለች።

ጋሼ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና በጉልበታቸው ተንበረከኩ። የሚገባው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል።

«ነውር ነው፣ ጋሼ፣ ይነሡ።»

«ያኔም ነውር አልህ» አሉና የግራ ጫማዬን ማሰሪያ ፈቱ። ጨርቁን አወጡ። ከዚያ ድሬሰሩ እንዳስተማረን ከተረከዜ ጀምረው ያሹ ጀመር፤ ጣት መኖር የነበረበት ቦታ ሲደርሱ እጃቸው ቀጥ አለ።

«ውሸትህን አውቅ ነበር» አሉ፣ እናቴም እየሰማች። «ያደረግኸው ካልሲ ሁልጊዜ ያው እርጥቡ ነበር። እግሬ ሲሞቀኝ ጊዜ ዝም አልሁ። የወንድሜን ልጅ እግር ብርድ ሲበላው እያወቅሁ ዝም አልሁ።»

አክብሮት ያልሁት ነገር እኒህን ሰው ምን እንዳደረጋቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ይሹልኝ ብዬ እግሬን ብሰጣቸው ኖሮ ሁለታችንም በሙሉ እግር፣ በሙሉ ዓይን እንገናኝ ነበር። የቀረውን ጫማዬን ራሴ አወለቅሁ። እናቴ ሁለቱንም አንስታ በነጠላዋ ያዘቻቸው።

«እርስዎስ?» አልኋቸው።

«እኔ ዛሬ እዚሁ ይበቃኛል» አሉና ወይራው ሥር ቆሙ።

ገባሁ። ከቅዳሴው ግን አንዲት ቃል አልሰማሁም። በበሩ በኩል ሳይ፣ የሚዘገየው ሰው ሁሉ በእኔ ላይ ያደርግ እንደነበረው እሳቸውን እያየ፣ እየተንሾካሾከ ያልፋል። አላስቻለኝም። በሕዝቡ መካከል እያነከስሁ ወጣሁና፣ በባዶ እግሬ ሄጄ አጠገባቸው ቆምሁ።