አርባ ሁለት ሺህ ቃል በከብት መኪና

ጠይባ ራሺድ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ነገሌ ውስጥ እሷ የቴሌግራም ሠራተኛ፣ እኔ ከጎኗ ባለው ክፍል ደብዳቤ ለዪ ስለነበርን ይህን ጠንቅቄ አውቃለሁ። አባቷ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጡ ነበር። እሷ ግን ሱቅ መቀመጥ አልፈልግም ብላ አዲስ አበባ ሄዳ ሞርስ የሚባለውን የቴሌግራም ምት ተማረች። በደቂቃ ሃያ ቃል ትመታለች፤ የኦሮሞ ይሁን የሶማሌ ስም አትስትም።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ የቦረናን ከብት ሲፈጅ አራት ሺህ ሁለት መቶ ቤተሰብ ለእርዳታ እህል ተመዘገበ። የእህሉ ድልድል አዲስ አበባ ላይ በቀጣዩ ሰኞ ይካሄዳል፤ ስሙ እስከዚያ ያልደረሰ ሦስት ወር ይጠብቃል ተባለ። ዝርዝሩን ለመላክ አበባየሁ የሚባል ቴክኒሽያን አዲስ ቴሌፕሪንተር ይዞ መጣ። እዚህ ሲጻፍበት ቃሉ በሬዲዮ ይሄድና አዲስ አበባ ያለው ማሽን ወረቀት ላይ ያትመዋል።

«በደቂቃ ስልሳ ቃል! ከእጅሽ ሦስት እጥፍ ይፈጥናል» አላት አበባየሁ።

«ማሻ አላህ» አለች ጠይባ። ክፋት አልነበረባትም፤ ማሽኑን ወዳው ነበር።

ማክሰኞ መላክ ጀመሩ። የሬዲዮው መስመር የሚከፈትልን በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ያም ሆኖ በመሃል ያፏጫል፣ ይጠፋል፣ አንዱን ገጽ ሁለት ሦስቴ ድገሙ ይባላል። በሁለት ቀን ያለፈው አራት መቶ ቤተሰብ አይሞላም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጠይባ እርሳስ አንስታ ሒሳቡን ሠራችና ዘመቻውን ወደሚመራው ካድሬ፣ ወደ ጓድ ጉግሳ ሄደች። እኔም ፖስታ ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ።

«ጓድ፣ ለአንድ ቤተሰብ አሥር ቃል ቢያዝ በጠቅላላ አርባ ሁለት ሺህ ቃል ነው። ማሽኑ አንዴም ሳይሳሳት ቢሄድ እንኳ ስድስት ቀን ይፈልጋል። እንዳየነው ከሆነ ግን ወር ሊሞላው ነው። በእኔ ሞርስ አሥራ ስምንት ቀን። በመኪና ሦስት ቀን።»

«በምን መኪና?»

«በከብት ጫኙ ሾፌር በጎሊቻ ኤንትሬ የጭነት መኪና። ነገ ንጋት ላይ በሬ ጭኖ ይወጣል። ወረቀቱ አንድ ካርቶን ነው፤ መቶ ካርቶንም ቢሆን የሚደርሰው በዚያው በሦስተኛው ቀን ነው። ማሽኑ ግን በጨመርንበት ቁጥር ይዘገያል።»

ጉግሳ ሳቀ። «አብዮቱ ማሽን ሲያመጣ አንቺ ወደ በሬ ትመልሽናለሽ? የበላይ አካል የሚጠብቀው በማሽን ነው። ሌላው አሻጥር ነው።»

«ማሽኑም ይቀጥል፣ ወረቀቱም ይሂድ።»

«አይሄድም አልኩ!»

ጠይባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንግዲህ ጓድ፣ እኔ ይዤው እሄዳለሁ። ተደብቃ ሄደች እንዳይባል ነው የነገርኩዎ።»

ዝርዝሩ በካርቦን በሁለት ቅጂ ነበር የተጻፈው፤ ሁለተኛው ለማመሳከሪያ እሷ ዘንድ ይቀመጥ ነበር። ሐሙስ ንጋት ላይ ካርቶኑን በላስቲክ ጠቅልላ መኪናው ዘንድ ቆመች።

«አካም ጠይባ፣ ናጋ?» ብሎ ጎሊቻ በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠየቃት። ጠጉሩ የሸበተ፣ ብዙ የማይናገር ሾፌር ነው።

«ናጋ፣ ኦቦ ጎሊቻ። እኔን ቢጭኑ ሊያስሩዎት ይችላሉ። ይወቁት ብዬ ነው።»

«የወንድሜ ቤት እዚያ ወረቀት ላይ አለ?»

«አለ። ዘጠኝ ሰው ተብሏል።»

«በይ ውጪ» አላትና ጋቢናውን ከፈተላት።

ክብረ መንግሥት ድረስ በደህና ሄዱ። ቦሬ ጫካ ውስጥ ግን ዝናብ ያዛቸውና መኪናው እስከ አክሰሉ ጭቃ ዋጠው። አንድ ቀን ሙሉ እዚያው ተገትረው ዋሉ። በሬዎቹን አውርደው፣ ቅጠል ነስንሰው፣ በሌላ መኪና በገመድ ተጎትተው ወጡ። ጠይባ ካርቶኑን ከጭንቅላቷ ሳታወርድ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ መቆሟን በኋላ የነገረኝ ጎሊቻ ነው። አዲስ አበባ የገቡት እሑድ ነው፤ በሦስት ቀን ያለችው አራት ሆነ።

ሰኞ ጠዋት በድልድሉ ቢሮ አንድ አዛውንት ጸሐፊ ማሽኑ ያተመውንና የእሷን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጉት። በማሽን የደረሰው ዘጠኝ መቶ ቤተሰብ ነበር። የጎሊቻ ወንድም የዲባ ስም ግማሹ ጠፍቷል፤ ዘጠኙ ሰው አንድ ሆኗል።

«ስምንቱ የት ሄዱ፣ ልጄ?» አሏት።

«አየር ላይ ቀሩ አባቴ። እኔ ግን ይዣቸው መጥቻለሁ።»

ድልድሉ በእሷ ወረቀት ተሠራ። እህሉም በወሩ መጨረሻ ነገሌ ገባ።

ነገሌ ስትመለስ ግን ስብሰባ ጠበቃት። ያለ ፈቃድ ሥራ ጥላ ሄዳለችና ግለ ሂስ ጽፋ ታንብብ ተባለ። ተነሥታ አነበበች፦ «ቃሉ አርባ ሁለት ሺህ። ማሽኑ በስድስት ቀን ዘጠኝ ሺህ አደረሰ። መኪናው በአራት ቀን ሁሉንም አደረሰ። ሦስት ቀን ማለቴ ስህተት ነበር፤ ቦሬን ዘንግቼ ነው። ሌላ ስህተት የለብኝም።» አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ ዛሬም አልናገርም።

አበባየሁ እጁን አወጣ። «ሒሳቧ ትክክል ነው» ብሎ ተቀመጠ። ለእሱም ቀላል አልነበረም፤ ማሽኑ የእሱ ነበር።

ቅጣቱ ፊልቱ ወደምትባል ሩቅ የቆላ ከተማ መዛወር ሆነ። እዚያ ሦስት ዓመት ሞርስ መታች፣ የከብት ነጋዴዎችን ቴሌግራም ላከች፣ ተዳረች፣ ወለደች። ጉግሳ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ከተዛወረ በኋላ ጥፋቷን አምና ብትፈርም ነገሌ እንደምትመለስ የሚገልጽ ደብዳቤ ሄደላት። ያን ፖስታ ያሸግሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ሳይፈረም ተመለሰ። እሷም ሌላ አንድ ዓመት ያህል እዚያው ቆየች፤ አዲሱ ኃላፊ ሞርስ የሚችል ሰው ሲያጣ፣ ምንም ፊርማ ሳይጠይቅ፣ ራሱ መኪና ልኮ አስመጣት።