በተቃራኒ የዞረው አደንጓሬ

ያን ቀን ከጧት ጀምሮ ያካፋ ነበር። ሰማዩ ለመዝነብም ለመተውም የሰነፈ ይመስላል። ለሕትመት የሚሆን ሥዕል እንጨት ላይ የምትሠራው ቀራጭዋ ከማተሚያ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጣ ከመሮዋ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ትጠርጋለች፤ ልቧ ግን በሩ ላይ ነው። ዘር ሻጯ አሮጊት የከረጢታቸውን ሥዕል የመጀመሪያ ናሙና ሊያዩ ይመጣሉ።

ባልደረቦቿ "ሐረጊቱ" ይሏታል። የሳሙናም ሆነ የክብሪት መጠቅለያ ብትሰጧት ዳር ዳሩን ሐረግ ካላስያዘችው እጇ አያርፍም። ከአራተኛ ክፍል ስትወጣ ሙያውን ያስተማራት አጎቷ ነው። አሠሪዋ ግን ከውጭ የመጣ የሥዕል መጽሐፍ ነበረው፤ ግንዳቸው እንደ አለንጋ የሚታጠፍ አበቦች፣ ጸጉራቸው ከቅጠል ጋር የተጎነጎነ ሴቶች። ዘመኑ የወደደው ይህን ነው እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አይታው የማታውቀውን አበባ አስቀዳት። በስንት ልመና ይህን አንድ ከረጢት ከራሷ ዓይን እንድትሠራ ፈቀደላት፤ አሮጊቷ ካልወደዱት ወደ መጽሐፉ መመለስ ነው።

አሮጊቷ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አዩ።

"ልጄ፣ ይሄ አደንጓሬ ምን ነካው?"

"ምነው እማማ?"

"በተቃራኒ ዞሯላ። አደንጓሬ ከግራ ወደ ቀኝ እየተጠመጠመ ነው የሚወጣው። በግድ ብታዞሪው እንኳ ፈትቶ ይመለሳል፤ እንደ ሟቹ ባለቤቴ ግትር ነው።"

ማተሚያው ላይ የቆመው አታሚ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ቀራጭዋ ክው አለች። ፊደል እንጨት ላይ ተገልብጦ እንደሚቀረጽ፣ ሲታተም እንደሚቃና ከልጅነቷ ታውቃለች፤ ሐረግም ቀኝና ግራ ይኖረዋል ብላ ግን አስባ አታውቅም። እንዳየችው ቀረጸችው፣ ማተሚያው ገለበጠባት።

አሠሪዋ ዘር የሚገዛ ገበሬ ይህን አያይም ብሎ ሊያባብል ሞከረ፤ አሮጊቷ የሚያየውስ ገበሬ አይደለም ወይ ብለው መለሱለት። እሱም መጽሐፉን ከመሳቢያ አወጣ።

"እስከ ቅዳሜ ይስጡኝ" አለች ቀራጭዋ።

በካፊያው ወጥታ አደንጓሬ የተጠመጠመበት የአሮጊቷ አጥር ሥር ቆማ ሐረጉን እንደገና ነደፈች። ከዚያ የእጅ መስታወቷን ንድፉ ፊት አቁማ፣ መስታወቱ ውስጥ ያየችውን ቀረጸች። የመጀመሪያው እንጨት ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛው እሺ አለ።

ቅዳሜ አሮጊቷ የታተመውን ሐረግ በጣታቸው ከሥር እስከ ጫፍ ተከተሉት።

"አተሩንስ መቼ ትሠሪልኛለሽ?" አሉ።

አሠሪዋ አላመሰገናትም። መጽሐፉን ግን ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዋ ላይ አላስቀመጠውም። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል።

አሁን ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። እዚያው መስኮት ሥር፣ በወፍራም መነጽር፣ የዱባ አበባ ትቀርጻለች።